ለተከበሩ የጨለማው ጌታ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ከሺህ ዓመት እስር እንኳን በሰላም ወጡ። ባለፈው ባነበብኩት የፋንታሲ (የአስማትና የምናብ ዓለም) ልቦለድም ወጥተው ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረውም እንዲሁ። ሁሌም የሚወጡት ያ እናት አባቱን የማያውቅ፣ ትከሻው ላይ ምልክት ያለበት የገጠር ልጅ ሰይፍ መያዝ በለመደ ማግስት ነው። ልጁ ገና ዳዴ ሲል ቢነሱ ኖሮ ይሄኔ ዓለም በእጅዎ ነበረች። ምን ያድርጉ፣ ትንቢቱ አይፈቅድም።

የምጽፍልዎ ግን ስለ ቀጠሮው አይደለም። አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነው፤ እርስዎን የሚያመልክ ሰው ምን አጥቶ ነው?

ዋሻ ውስጥ ጥቁር ካባ ደርበው የሚያዜሙትን ማለቴ ነው። ልመናቸው ያው አንድ ነው፤ ዓለም ይጥፋ። እሺ፣ ጠፋ እንበል። እነሱ የት ሊያድሩ ነው? ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ልጅ የታመመበት፣ ላም የጠፋችበት፣ ዕዳ እንቅልፍ የነሳው አንድ እንኳ እንዴት ይታጣል? (ያን ሁሉ ሻማስ ማን ይገዛዋል? ማንስ እየዞረ ይለኩሰዋል? ምዕራፉ ሲጀምር ሁሌም በርቶ ነው የሚገኘው።)

በእውነት ይመለኩ የነበሩት አማልክት ዘንድ ሰው የሚሄደው ጉዳይ ይዞ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ባዝ በሚባለው ከተማ፣ በሮማውያን ዘመን፣ ሱሊስ የምትባል የፍል ውሃ እንስት አምላክ ነበረች። ሰዎች አቤቱታቸውን በስስ የእርሳስ ማዕድን ዝርግ ላይ ጭረው፣ ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ይወረውሩላታል። እስካሁን 130 ያህሉ ተገኝቷል። ምን የሚል ይመስልዎታል? አብዛኛው የሌብነት ክስ ነው። ካባዬን ወሰዱብኝ፣ ገንዘቤን ወሰዱብኝ። ዶኪሜዲስ የተባለ ሰው ሁለት ጓንት ጠፍቶበት፣ የወሰደው ሰው አእምሮውንም ዓይኑንም እንዲያጣ ይማጸናል። ለጓንት! አንዳንዶቹ ደግሞ ሌባው እንዳይሾልክ «ወንድ ይሁን ሴት፣ ባሪያ ይሁን ነጻ ሰው» እያሉ ቀዳዳውን ሁሉ እንደ ጠበቃ ይደፍኑበታል። አየር ላይ የተናገሩት ቃል አላረካቸውም፤ ጉዳያቸው በጽሑፍ እንዲያዝላቸው ፈልገዋል። ክቡርነትዎ ዘንድ ጓንት የጠፋበት ሰው መጥቶ ያውቃል?

ባልደረቦችዎም ቢሆኑ ከእርስዎ አይሻሉም። የባሕሩ አምላክ ባሕር ብቻ፣ የጦርነቱ ጦርነት ብቻ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው የብርሃን አምላክ ደግሞ በውጊያና በውጊያ መካከል ቁስል ማከም ብቻ። ለአንድ አምላክ አንድ የሥራ መደብ። የግሪኮቹ ፖሲዶን ባሕሩ ላይ የምድር መንቀጥቀጡንም ፈረሱንም ደርቦ ይዞ ነበር፤ አቴና ከጦርነቱ ጋር ሽመናም ነበረባት። ግብጻውያን ፀሐይን ጠዋት ኬፕሪ፣ ቀትር ላይ ራ፣ ማታ አቱም ሲሏት ኖረዋል፤ «ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ ያፋጠጣቸው አልነበረም። በእናንተ ዓለም ግን ድንክዬዎቹ በሙሉ ባለ መዶሻውን፣ ጆሮ ሹሎቹ ኤልፎች በሙሉ ዛፏን ያመልካሉ። የሚጠራጠር የለ፣ ጾም የሚሽር የለ፣ በበዓል ቀን የሚጣላ የለ። ገበሬ ሞልቷችኋል፤ እህሉን የሚጠብቅ አምላክ ግን ማንም አላሰበለትም። ሮማውያን እኮ ለስንዴ ዋግ ሳይቀር አምላክ ነበራቸው። ሮቢጉስ ይባላል፤ በየዓመቱ አፕሪል 25 ውሻ እየሠዉ እህላችንን ተውልን ይሉት ነበር። ከእርስዎና ከሮቢጉስ የትኛውን ትፈራለህ ብባል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንጀራዬን የያዘውን ነው።

ክፋቱ አይደለም ቅር ያሰኘኝ። ግብጻውያንም ወንድሙን ኦሳይረስን የገደለ የሁከት አምላክ ነበራቸው። ያም ሆኖ ይኸው ወንድም ገዳይ ሌሊት ሌሊት በፀሐይ አምላኩ በራ ጀልባ ላይ ቆሞ፣ አፖፊስ የተባለውን እባብ በጦር እየወጋ ፀሐይን ያሻግራል። ክፉም ቢሆን ተረኛ ነው። እርስዎ ሺህ ዓመት የሠሩት ሥራ ቢኖር መተኛት ነው።

ስለ ሥርዓተ አምልኮዎ ደግሞ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ሙሉ ጨረቃ፣ ቢላ፣ የታሰረች ልጃገረድ፤ ከዚያ ቢላው ሲነሳ በሩ ይበረገዳል። አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው ተፈጽሞ የማያውቅ ሥርዓት የእርስዎ ብቻ ነው። ባቢሎናውያን በአዲስ ዓመት በዓላቸው የሚያደርጉትን ይስሙኝማ። ንጉሡ ወደ ዋናው አምላካቸው ወደ ማርዱክ ቤተ መቅደስ ይገባል። ሊቀ ካህናቱ ዘውዱንና በትሩን ይቀበለውና በጥፊ ያጮለዋል፤ ጆሮውን ይዞ እየጎተተ በአምላኩ ፊት ያንበረክከዋል። ንጉሡም አልበደልኩም፣ ከተማይቱን ችላ አላልኩም ብሎ ይምላል። ዘውዱ ተመልሶለት ደስ ሊለው ሲል ሁለተኛ ጥፊ ይከተላል። እንባው ከወረደ አምላክ ተደስቷል፤ ካልወረደ ጠላት ይነሳበታል ማለት ነው። ካህኑ እጁን ያላላ ይመስልዎታል? እዚህ ውስጥ ፖለቲካ አለ፣ ፍርሃት አለ፣ ትንሽም ቂም አለ። የእርስዎ ሊቀ ካህናት ግን ከመሳቅ ሌላ ሥራ የለውም፤ እሱንም ለብቻው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በሚቀጥለው ልቦለድ ከመውጣትዎ በፊት አንዲት አሮጊት በየሳምንቱ መጥታ አንድ ነገር ትለምንዎት፤ የጉልበት ሕመምም ቢሆን ይሁን። ሁለት ካህናትዎ በመባው ገንዘብ ይጣሉ። ስምዎንም ሳላስል የምጠራው ያድርጉልኝ። ይህን ማሟላት ካልተቻለ በእስር ቢቆዩ ቅር አይለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከአንባቢዎችዎ አንዱ

ግልባጭ፦
ለብርሃን አምላክ፣ ቁስለኛ ሲቀንስ እንዲያነቡት
ለባለ መዶሻው፣ ለመረጃ ያህል
ለሌቦች አምላክ፣ ስለ ጓንቶቹ የሚያውቁት ነገር ካለ