ውዳሴ አሸናፊ

«ዋናው ማሸነፍ ነው» የምትለዋን አጭር ዐረፍተ ነገር ከአፋቸው የማይለዩ ሰዎች እስካሁን ድረስ ተገቢው ምስጋና አልተቸራቸውም። እኛ የቀረነው ስለ ጨዋታ ውበት፣ ስለ ተጋጣሚ ክብርና ስለ ሕግ መከበር ስናነሣና ስንጥል ዘመናችንን ስንፈጅ፣ እነርሱ ግን ሰው ወደ ሜዳ የሚገባው ለመጫወት ሳይሆን ዋንጫ ታቅፎ ለመውጣት መሆኑን ደርሰውበት፣ በመግባትና በመውጣት መካከል ያለውን አድካሚ ነገር ሁሉ ከሐሳባቸው አስወግደው ዐርፈዋል።

የዚህ ትምህርት ባለውለታዎች ከጥንትም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ በተካሄደው የኦሊምፒክ ማራቶን አሜሪካዊው ፍሬድ ሎርዝ ጉልበቱ ሲከዳው መኪና ላይ ተሳፈረ፤ ብዙ ርቀት ከተጓዘ በኋላ መኪናው ሲበላሽበት ወርዶ ሮጠና ከሁሉ ቀድሞ ስታዲየም ገባ። ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው። ሽልማቱን ሊረከብ ጥቂት ሲቀረው ግን በመኪና መምጣቱ ተነገረበትና «ለቀልድ ያደረግሁት ነው» ብሎ ገለል አለ። ወርቁ ለቶማስ ሂክስ ተሰጠ። ሂክስ ደግሞ በየመንገዱ ረዳቶቹ በዚያን ዘመን ለማነቃቂያ ይሰጥ የነበረውን ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ በእንቁላልና በብራንዲ እያደረጉ ሲግቱት ቆይተው፣ በመጨረሻ በሰው ድጋፍ መድረሻው ላይ የደረሰ ጀግና ነው። እንግዲህ አንዱን ያደረሰው መኪና፣ ሌላውን ያደረሰው መርዝ ሲሆን፣ የሎርዝ ጥፋት ረዳቱን ከሆዱ ውጭ ማድረጉ ብቻ ነበር።

ጥበቡ እያደር ረቅቋል። የሶቪየት ኅብረቱ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ዘመናዊ ፔንታትሎን በተባለው የአምስት ስፖርቶች ውድድር የሻሞላ ግጥሚያ ላይ፣ ተጋጣሚውን ሳይነካ በኤሌክትሪክ ነጥብ የሚያስቆጥር ማብሪያ በሻሞላው እጀታ ውስጥ ሸሽጎ ተያዘ። ሰውዬው ከአራት ዓመት በፊት በሙኒክ በዚሁ ስፖርት የብር ሜዳሊያ ያጠለቀ ባለሙያ ነበር። ሳይቸግረው ማብሪያ የሚገጥም ሰው ለድል ያለው ፍቅር ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

እኔ በግሌ ባርኔጣዬን የማነሣው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ፓራሊምፒክ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ተጫዋቾች በተዘጋጀው የቅርጫት ኳስ ውድድር ወርቅ ለወሰደው የስፔን ቡድን ነው። ከ12ቱ ተጫዋቾች 10ሩ ውስንነቱ እንደሌለባቸው የታወቀው ከድሉ በኋላ ነበር፤ ነገሩን ያወጣውም በቡድኑ ውስጥ ሲጫወት የነበረ ጋዜጠኛ ነው። ሌላው ዓለም ከእኩያው ጋር ታግሎ ያሸንፋል፤ እነዚህ ግን ማሸነፍ ዋና ከሆነ ተጋጣሚን መምረጥ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ መሆኑን ተረዱ። በዚህ የተነሣ ውስንነቱ ያለባቸው አትሌቶች በሙሉ እስከ 2012ቱ የለንደን ውድድር ድረስ ከፓራሊምፒክ ታግደው ቆይተዋል። የድል ዋጋ ውድ ነው ይባላል፤ ሒሳቡን ሌላ ሰው ሲከፍለው ግን እጅግ የሚመች ነው።

ሯጩና ተጫዋቹ ይህን ያህል ሲደክሙ፣ ያለ ምንም ድካም ወደዚያው ማዕርግ የደረሰው ደጋፊ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላል፤ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» ይላል። ዘጠናውን ደቂቃ ከወንበሩ ያልተነሣ ሰው በግሥ እርባታ ብቻ ከሽንፈት ማምለጡ የቋንቋችንን ሀብት የሚያሳይ ነው። እርባታው አላድን ሲለው ደግሞ ዳኛ አለ፤ ዳኛ ባይኖር ኖሮ በዓለም ላይ ስንት ቡድን በራሱ ድክመት ይሸነፍ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

ከሜዳ ውጭ ያለው አሸናፊ ግን ፊሽካ ስለማይነፋለት ውድድሩ አያልቅም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብትሉት እርሱ ሳምንት አጥቷል፤ ሕመማችሁን ብትነግሩት የእርሱ ሕመም ለጥቂት ነው ሳይገድለው የቀረው። መንገድ ላይ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ጠርዝ እየረገጠ ያልፋችኋል፤ ከዚያም ቀዩ መብራት ላይ ጎናችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ ነገር ግን ቀድሞ ነው የቆመው። ከሚስቱ ጋር ሲከራከር ማስረጃው ሲያልቅበት ድምፁን፣ ድምፁ ሲያልቅበት የዛሬ ስምንት ዓመት የተባለውን እያነሣ ይረታታል፤ ከዚያም ቤቱ ለሦስት ቀን ጸጥ ይላል። ይህን ጸጥታ እርሱ እንደ ጭብጨባ ነው የሚሰማው።

በዚህ መካከል የድልን ስም የሚያጎድፉ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ የኳታሩ ሙታዝ ባርሺምና የጣሊያኑ ጃንማርኮ ታምቤሪ ሁለቱም 2 ሜትር ከ37 ዘለው እኩል ሲሆኑ፣ እስኪለያዩ ድረስ መዝለል ሲችሉ፣ ወርቁን ተካፍለው እየተቃቀፉ ጨፈሩ። የሚያስደስተው ወርቁ ሳይሆን ሌላው አለማግኘቱ መሆኑን የሚያስረዳቸው ዘመድ እንዴት አጡ? እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ደግሞ በስፔን በተደረገ የአገር አቋራጭ ሩጫ ኬንያዊው አቤል ሙታይ የጨረሰ መስሎት ከመድረሻው በፊት ቆመ፤ ከኋላው የመጣው ኢቫን ፈርናንዴዝ ዐልፎት በመሄድ ፈንታ መንገዱን አሳይቶ ከፊት አስቀደመውና ሁለተኛ ወጣ። ቢያንስ አሠልጣኙ፣ የቀድሞው የዓለም ማራቶን ሻምፒዮን ማርቲን ፊዝ፣ ድርጊቱን በጎ ቢለውም እርሱ ቢሆን በአጋጣሚው ተጠቅሞ ያሸንፍ እንደነበር መናገሩ ጥቂት ያጽናናል።

ይህ ጥበብ ከእኛ ጋር እንዳይቀበር መንከባከብ ያስፈልጋል፤ የሚተጉለትም አሉ። አንድ የማውቀው አባት የስድስት ዓመት ልጁን በዳማ አንድም ቀን አሸንፎ እንዲያድር ፈቅዶለት አያውቅም። «ዓለም አታዝንልህም» ይለዋል፤ የመጨረሻዋን ጠጠር ሲበላበትም እጁን ወደ ላይ ያነሣል። ልጁ ሲያለቅስ ዋናው ማሸነፍ መሆኑን ያስረዳዋል። ባለፈው ጊዜ በጨዋታው መካከል ስልክ ተደውሎለት ወጣ ብሎ ሲመለስ ሁለት ጠጠሮቹ ከሰሌዳው ላይ የሉም። ልጁ ጣሪያውን እያየ ያፏጫል። አባትየው ጠረጴዛውን በቡጢ መታና፣ ጨዋታ ሕግ እንዳለው፣ በሕግ ያልተገኘ ድል ደግሞ ድል እንዳልሆነ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እየጮኸ ያስተምር ጀመር።