ኮከቡ አልወደቀም፤ ዩቲዩብ ነው ያዳለጠው

ሰሞኑን አንድ ነጠላ ዜማ ወጣ። የማን እንደሆነ አልናገርም። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም ኮሜንት ላይ እናቴ እንድትሰደብ አልፈልግም። ዘፋኙ ትልቅ ነው። ፖስተሩም ትልቅ ነበር። «ሊወጣ ነው፣ ሊወጣ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ቢደመር ከዘፈኑ ይረዝማል። ወጣ። ሳምንት ሞላው። ሚሊዮን ግን አልሞላም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መድገም አያስፈልግም፤ ጆሯችን እስኪግል ሰምተነዋል። ዘፈኑን አይደለም፣ ትንታኔውን።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ለምስጋና ነው። ዘፋኙን አላመሰግንም፤ እሱ ሥራውን ጨርሷል። የማመሰግነው ዘፈኑን ትተው ከሥሩ ያለችውን ቁጥር የሚያዳምጡ ወገኖቼን ነው። ቪው ጠባቂዎቻችንን። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ «ትልቅ ዘፋኝም አንዳንዴ ደከም ያለ ዘፈን ያወጣል» የሚል አደገኛ ወሬ በሕዝቡ መሀል ይነዛ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ቀድመው ደረሱልን።

አደራረሳቸውን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን ዩቲዩብ ቪው ደበቀ። በሁለተኛው ቀን ኔትወርክ ነው። በሦስተኛው ቀን ተቀናቃኙ ሰው ገዝቶ ዲስላይክ አስደርጓል። በአራተኛው ቀን አልጎሪዝም ጥርስ ነክሶብናል። (አልጎሪዝምን እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የሚያነሱት። ቤቱን ቢያውቁት ሽማግሌ ይልኩበት ነበር።) በአምስተኛው ቀን፣ ሁሉም ሰበብ ሲያልቅ፣ የመጨረሻዋ ጥይት ትተኮሳለች፦ «ሕዝቡ አልገባውም። ዘፈኑ ከዘመኑ ቀድሟል።»

ይህችን የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። ማስረጃም አላት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠራቸውና፣ እንግሊዛዊቷ ኬት ቡሽ በ1985 ያወጣችው ዘፈን በአገሯ አንደኛ የወጣው በ2022 ነው፤ ለዚያውም አንድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ስለገባ። ማራያ ኬሪ በ1994 ያወጣችው የገና ዘፈንም በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ ሆት 100፣ አንደኛ ለመሆን እስከ 2019 ጠብቋል። ስለዚህ የኛም ኮከብ ሃያ አምስት ዓመት ይጠብቅ። እኛም አብረን እንጠብቃለን። ምን ሥራ አለን?

የማራያ ዘፈን ግን መጀመሪያ ላይ ሆት 100 ውስጥ ያልገባው ጆሮ አጥቶ አልነበረም። የዚያን ጊዜው ደንብ አሜሪካ ውስጥ በነጠላ ለሽያጭ ያልቀረበ ዘፈን አይገባም ይል ነበር። ደንቡ የተቀየረው በ1998 መጨረሻ ነው። ይህን ለአንድ ቪው ጠባቂ ብነግረው ፊቱ ጠቆረ። ደንብ ምን ጣዕም አለው? ሴራ ሲሆን ነው እንጂ።

ፈረንጆቹ ጋ ያለው ምክንያት ሁሉ እንዲህ ደረቅ ነው። ሆት 100 ከ1958 ጀምሮ አለ። ዛሬ ከዓርብ እስከ ሐሙስ በኢንተርኔት የተደመጠውን፣ በሬዲዮ የተላለፈውንና የተሸጠውን ይደምራል። ከፍሎ የሚያዳምጥ ሰው በነፃ ከሚያዳምጠው የበለጠ ይመዝናል። አንድ ኮከብ ሳምንቱ ከተጋመሰ በኋላ ቢለቅ፣ ሬዲዮዎቹ ቢያመነቱበት፣ ወይም ደጋፊዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ገዝተው ቢጨርሱ ቁጥሩ ቁልቁል ነው። ዕድለ ቢስነትም አለ። በ2022 ቴይለር ስዊፍት አዲስ አልበም ባወጣች ሳምንት ከአንደኛ እስከ ዐሥረኛ ያለውን ደረጃ ብቻዋን ያዘችው። በዚያ ሳምንት ዐሥራ አንደኛ የወጣ ሰው ድግስ መደገስ ነበረበት።

እኛ አገር በየሳምንቱ እንዲህ ደምሮ የሚያወጣ ሰንጠረዥ የለም። ሊቃውንቱ ግን ሞልተዋል። በ2017 የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ መንደሩ ሁሉ የቢልቦርድ መምህር ሆኖ ነበር። ያ ሰንጠረዥና ሆት 100 ይለያያሉ ብሎ ትንፍሽ ያለ ሰው ምቀኛ ተብሎ ቁጭ አለ።

የኛ ሰንጠረዥ ታክሲ ነው። ሚኒባሱ ሬዲዮ ላይ የተሰካችው ፍላሽ ናት፤ ክዳኗ የጠፋ፣ እንዳትላቀቅ በፕላስተር የተጠመጠመች። ሾፌሩ ዘፈኑን ከወደደው ከሜክሲኮ ጀሞ ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። ረዳቱ ሂሳብ እየተቀበለ አብሮ ያንጎራጉራል። ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቶ ይወርዳል። ቪው? ዜሮ። ፍላሽ አይቆጥርም። ዘፈኑን የጫነለት ልጅ ከቴሌግራም ነው ያወረደው፤ ቴሌግራም ላይ የጫነው ሰው ደግሞ ዘፈኑን በመውደዱ ይምላል። ሰርግ ቤት ዲጄው ሲያጫውተውም ያው ነው። ሙሽሮቹ ጨፍረው ላባቸው ወጣ፣ ቁጥሯ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ሪአክሽን ሠሪዎቹን ደግሞ አትርሷቸው። አፋቸውን ከፍተው፣ ጭንቅላታቸውን ይዘው፣ «ኧረ በስመ አብ!» እያሉ ዘፈኑን ቆራርሰው ያሰሙናል። ቪው የሚቆጠረው ለነሱ ነው። ስለዚህ ለመደነቅ የሚከፈለው ለመዝፈን ከሚከፈለው ቢበልጥ አይድነቃችሁ።

አንድ ነገር ልጠቁም? ሹክ ብዬ ነው። ዘፈኑ የጭፈራ ዘፈን ነው። የወጣው በሁዳዴ አጋማሽ ነው። ረመዳንም ገና አልተፈታም። ኦርቶዶክሱ ለ55 ቀን መዝሙር ላይ ነው፣ ሙስሊሙ ቁርኣንና መንዙማ ላይ ነው፣ ፕሮቴስታንቱ ድሮም የለበትም። ድሮ አልበም ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የሚወጣው እኮ ካሴት ቤቶቹ በዓል ስለሚወዱ ብቻ አልነበረም። እስካሁን ከሰማሁት ትንታኔ ሁሉ ውስጥ ግን ሁዳዴን የጠቀሰ አንድም የለም። የቻይና ሳተላይት ተጠቅሷል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ሰፈራችን ካፌ የማይጠፋው ወጣት ነው። ማዕረጉ አድሚን ነው። የኮከቡን የደጋፊዎች ግሩፕ ያስተዳድራል። ጠረጴዛው ላይ አራት ስልክ ይደረድራል። አንዱ የራሱ፣ አንዱ የእህቱ። ሦስተኛው ሲም የሌለው፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ፤ የማኪያቶ ብርጭቆ ተደግፎ የካፌውን ዋይፋይ ይመጥጣል። አራተኛው የአያቱ ነው። አራቱም ከአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል። አራቱም ያንኑ ዘፈን ያጫውታሉ። ድምፅ ግን የላቸውም።

«ለምን ዘጋኸው?» አልኩት።

«ያዘናጋኛል ጋሼ።»

ስለ አያቱ ስልክ ልንገራችሁ፤ አለዚያ አይወጣልኝም። የገዛችላቸው ዓረብ አገር ያለች ልጃቸው ናት፤ ቅዳሴና ስብከት እንዲሰሙበት። አድሚኑ ጠዋት ጠዋት «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብሎ ይወስደዋል። ማታ ሲመልሰው እውነትም ቻርጁ ሙሉ ነው። ችግሩ ዩቲዩብ ነው። እማማ የጭፈራ ቤት ደንበኛ መስለውታል። የሠርክ ጸሎት ሊከፍቱ ጣታቸውን ሲያሳርፉ፣ እምብርቷ የሚታይ ልጅ ትከሻዋን እየሰበቀች ብቅ ትላለች። ያማትባሉ። ወደ ላይ ሲገፏት ሌላዋ ትመጣለች። ይህችኛዋ ጓደኞቿንም ይዛለች። ነገሩ ቢብስባቸው ስልኩ ላይ ጸበል ረጩበት። ስፒከሩ ታመመ። አድሚኑ ምን ገዶት፤ እሱ እንደሆነ ድምፅ አይጠቀምም።

በዚህ አላበቃም። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው ቤት መጡ። እማማ «አባቴ፣ ይሄ ስልክ አስቸገረኝ፣ እስቲ ስብከት ይክፈቱልኝ» ብለው ሰጧቸው። አባ መነጽራቸውን አደረጉ። ነኩት። ዝም አሉ። አሁንም ነኩት። አሁንም ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቀስ ብለው፣ «ወለተ ማርያም፣ በሁዳዴ?» አሉ። እማማ ይኸው በየቀኑ ስግደት ላይ ናቸው። ባልሰሙት ዘፈን ቀኖና ተሰጣቸው። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ አድሚኑ ነው። አፍሮ አይደለም፣ ኮርቶ። «አያቴ እንኳን ለዚህ ዘፈን መስዋዕትነት ከፍላለች» ይላል።

የሚያሳዝነው መስዋዕትነቱ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። ዩቲዩብ ቁጥር ለማሳበጥ ብቻ የሚሽከረከረውን ለይቶ ለማውጣት የሚሠራበት ማጣሪያ አለው፤ ያገኘውን አራግፎ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ነው «ቪው ተሰረቅን!» የሚባለው ዋይታ የሚነሳው። ገንዘብ ያለው ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረው፤ ቪዲዮውን በማስታወቂያ እየገፉ በ24 ሰዓት ሪከርድ ሰበርን ማለት። በ2019 ዩቲዩብ በማስታወቂያ የመጣ ቪው ለሪከርድና ለሰንጠረዥ አይቆጠርም ብሎ ያን በር ዘጋው። አድሚኑ ይህንንም በኛ ላይ የታሰበ ነው ይላል። ሲያጽናና የሚያነሳት አንዲት ታሪክ አለችው፦ በ2014 የኮሪያው ዘፈን «ጋንግናም ስታይል» የድሮው ቆጣሪ መጨረሻ ወደሆነው 2,147,483,647 ተጠግቶ ዩቲዩብ ቆጣሪውን እንዲያሰፋ አስገድዷል። ይህችን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። «የኛም ቀን ይመጣል» ይላል፣ የቴክኖዋን ሙቀት በመዳፉ እየለካ።

«ሁለተኛው ስንኝ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሁለተኛ ስንኝ አለው እንዴ?»

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በወጣበት ምሽት ዘፈኑን በኤምፒስሪ አድርጎ ግሩፑ ላይ የለቀቀው። «ዳታ ለሌላችሁ» የሚል ጽሑፍና የልብ ምልክት አለበት።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ግጥሙን የጻፈው ሰው ማነው? ዜማውን የሠራው? ማሲንቆውን ሌሊት ስቱዲዮ ተቀምጦ የቀዳው ልጅ? ስማቸውን የሚያውቅ ደጋፊ እስካሁን አላጋጠመኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህችኛዋ ዓመት በኛ አቆጣጠር ናት) ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኛ ግን የሰው ላብ በነፃ እየበተንን የኮከቡ ቁጥር ለምን ቀነሰ ብለን እናለቅሳለን። ይህስ ይሁን። በዚያው ሳምንት ዘፈን ያወጣች አንዲት ጀማሪ ልጅ ምን አደረገች? ቁጥሯ ስለበለጠ ነው ዘሯ የተቆጠረው? እናቷ የተሰደበችው? ቪዲዮዋን ተጠራርተው ሪፖርት አድርገው ሊያስወርዱ ያደሩት? ለሠርቶ አዳሪ ልጅ እንዲህ የሚደረገው በሙዚቃ ፍቅር ስም ነው። ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የኤፍ ኤም መዝናኛ አዘጋጆችም ድርሻችሁን ውሰዱ። «ዘፈኑ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ አታውቁም። «በስንት ሰዓት ስንት ገባ?» ነው ጥያቄያችሁ። እንግዳችሁ ዘፋኝ ስለ ዜማው ሊያወራ ሲጀምር በጥበብ አቋርጣችሁ ወደ ቁጥሩ ትመልሱታላችሁ። የግብር ሰብሳቢ ትዕግሥት አላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁም አልረሳኋችሁም። ከዋሽንግተን አካባቢ የሚታይ ቪው በማስታወቂያ ገቢ ከአዲስ አበባው እንደሚሻል ስለምታውቁ ክርክሩ ላይ ድምፃችሁ ከፍ ይላል። ትክክል ናችሁ። ዘፈኑን ከከፈታችሁት ማለቴ ነው።

ለፋሲካ ሌላ ነጠላ ዜማ አለ እየተባለ ነው። አድሚኑ ዘንድሮ አይዘናጋም። አምስተኛ ስልክ ከአስተናጋጇ ተውሷል። መግለጫውንም ከወዲሁ አርቅቆ ስልኩ ላይ አሳየኝ። «የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ በዘፈናችን ላይ የተፈጸመውን ግፍና የተሰረቀውን ቪው በተመለከተ» ብሎ ይጀምራል። ረጅም ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ያስለቅሳል። የዘፈኑ ርዕስ የሚገባበት ቦታ ላይ ግን ነጠብጣብ ብቻ አለ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ዘፋኙ ገና ስቱዲዮ አልገባም አለኝ።