ታግዘው ነበር

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ወፍ ሥዕልና ስለ ድሮ የተፈጥሮ መጻሕፍት ንግግር አለ ሲሉኝ ሄድኩ። አቅራቢው የወፍ መጻሕፍት ስላወጣው እንግሊዛዊ ጆን ጉልድ አርባ ደቂቃ አወሩ። ስላይዱ ወፍ በወፍ ሆነ። የሂማላያ ወፍ፣ የአውሮፓ ወፍ፣ የአውስትራሊያ ወፍ። መጨረሻ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና "ባለቤቱም በሥዕል ታግዘው ነበር" ብለው ውሃቸውን ጠጡ።

አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው። ከአማርኛ ግሶች ሁሉ እንደ "አገዘች" ያለ ጎበዝ የለም። "ሣለች" ካላችሁ ሣለች ነው፣ ጣጣ ያመጣል፤ የታለ ስሟ ይባላል። "አገዘች" ግን የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ውጦ አያገሳም።

እስቲ ኤልሳቤጥ ጉልድ ያገዘችውን እንቁጠርላት። ባሏ ለለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር የሞተ ወፍ ቆዳ እየሞላ በሕይወት ያለ የሚያስመስል ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 ከሂማላያ የወፍ ቆዳ እጁ ገባ። መጽሐፍ ላውጣ አለ። ማን ይሣል? እሱ በእርሳስ ጫር ጫር ያደርጋል፤ ያንን ጫር ጫር ወፍ የምታደርገው እሷ ናት። በድንጋይ የማተም ጥበብ ተማረች። ድንጋዩ ላይ በቅባት እርሳስ ላባ በላባ መሣል ነው። ሲታተም ደግሞ ይገለበጣል፤ ግራ የሚያየው ወፍ ቀኝ ያያል። 80 ገጽ ሥዕል ወጣ። እገዛ።

ከዚያ የአውሮፓ ወፎች መጡ። እገዛ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በቢግል መርከብ ዞሮ ያመጣቸው ወፎች፣ ፊንች የሚባሉት እነዚያ ዝነኛ የጋላፓጎስ ደሴቶች ትንንሽ ወፎች ጭምር፣ 50 ሥዕል። ትንሽ እገዛ። በ1838 ባሏ አውስትራሊያ ልሂድ አለ። ትልቁን ልጅ ይዛ፣ ሦስቱን ትንንሾች ለእናቷ ትታ መርከብ ተሳፈረች። የጉዞ እገዛ መሆኑ ነው። እዚያም አንድ ወለደች፣ እሱንም ሳታግዘው አይቀርም። ባጠቃላይ ከ600 ገጽ በላይ ሥዕል። ካልኩሌተር ያላችሁ አስሉት፤ በየሳምንቱ አንድ ወፍ ገደማ ይመጣል። በመሀል ስምንት ልጅ አለ። ዋናው ሥራ ምን እንደነበር እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ምናልባት ጫር ጫሩ ይሆናል።

በ1841 ስምንተኛዋን ልጅ ወልዳ፣ አራስ ቤት ሳለች በትኩሳት ሞተች። 37 ዓመቷ ነበር። ከአውስትራሊያ ከተመለሰች ገና አንድ ዓመቷ። እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። ይህ ማገዝ አይባልም። ሥራ ነው! ወገብ የሚቆርጥ፣ ዓይን የሚያፈዝ ሥራ። ሠርታው የሞተችበትን ሥራ "ታግዘው ነበር" ብሎ ውሃ መጠጣት ደግሞ ነውር ነው።

ይሁን፣ ወደ ምስጋናችን እንመለስ። አባቶቻችን "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ብለዋል። ይኸው እንግሊዝ አገር ድረስ ሠራላቸው። የአውስትራሊያውን መጽሐፍ እሷ 84 ገጽ ሥላለት ነበር። ቀሪውን ሪክተር የሚባል ሠዓሊ ቀጠለው፤ ከፊሉን እሷ ትታቸው ከሄደችው ንድፎች ላይ። ስለ ሪክተር ግን "ያግዝ ነበር" ያለ አልሰማሁም። እሱ ሠዓሊ ነው።

ባሎችም ያግዛሉ እኮ። ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ኤልሳቤጥ ብላክዌል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በዕዳ ታሰረ። ከ1737 ጀምሮ 500 የመድኃኒት ዕፅዋት ራሷ ሣለች፣ ራሷ መዳብ ላይ ቀረጸች፣ ራሷ ቀለም ቀባች። ሸጠችና አስፈታችው። እሱ እስር ቤት ቁጭ ብሎ የዕፅዋቱን ስም ይነግራት ነበር። ያ "የሕክምና እውቀት" ይባላል፤ እገዛ አይባልም። ኋላ ስዊድን ሄዶ ሴራ ውስጥ ገባ ተባለና በ1747 አንገቱን ተቀላ። እዚያ ያገዘው የለም።

ጆን ጉልድ ራሱ ከኛ ሳይሻል አይቀርም። ሥዕሎቹ ግርጌ ከስሙ ጎን የሷን መነሻ ፊደል አስገብቷል። ከሞተች በኋላም ቀስተ ደመና የመሰለችውን የአውስትራሊያ ወፍ በስሟ ጠራት። ዛሬ "ጉልዲያን ፊንች" ትባላለች። አቅራቢያችን ይህችን ወፍ አሳዩንና "በስሙ ተሰይማለች" አሉ። በስሙ!

እጄን አወጣሁ። "ይቅርታ፣ በስሟ ነው" አልኩ።

"በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፣ እህቴ" አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ አዳራሹን ቃኙና "ቡናው ደርሷል መሰለኝ። እስቲ እህቶች በማዳረስ አግዙን።"

አገዝናቸው።