እንባው ለቱርኳ፣ ሲኒው ለኛዋ

የሀበሻን ደግነት ማየት የፈለገ ሰው ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጥ። የምሬን ነው። ዘንድሮ ከፍራንክፈርት ለእረፍት መጥቼ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አክስቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። በድራማ ሰዓት ያ ቤት ችሎት ነው። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ለቡና የመጣችው ጎረቤት ሁሉ ይፈርዳል። ለተበደለ የማያዝን፣ በዳይን የማይረግም አንድ ሰው አላገኘሁም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ሰው ሁሉ አማርኛ ይናገራል፤ ያውም ከኔ የተሻለ። አክስቴ የያዘችው ድራማ ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች። ታሪኩን አልዘረዝርም፤ ታውቁታላችሁ። እመቤቲቱ ክፉ ናት። ደመወዝ ትከለክላለች፣ ሳህን ሰበርሽ ብላ ቤቱን ታናጋለች። ልጅቷ ማታ ክፍሏ ገብታ ብቻዋን ታለቅሳለች። አክስቴም አብራት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች "እግዜር ይፍረድብሽ! የሰው ልጅ አይደለችም እንዴ?" ትላለች፤ ለቴሌቪዥኑ።

ይሄኔ የአክስቴ ሠራተኛ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። አሥራ ስምንት ቢሆናት ነው። ሶፋው ላይ ቦታ አለ። በርጩማም አለ። እሷ ግን ሁሌም ቆማ ነው የምታየው፤ አንድ እግሯ ሳሎን፣ አንድ እግሯ ጓዳ፣ ትከሻዋን መቃኑ ላይ አስደግፋ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አክስቴ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ሳትመልስ "አንቺ! ሲኒውን አታነሺም? ምን ይገትርሻል!" አለቻት። ወዲያው ደግሞ ለቱርኳ፦ "ውይ፣ የኔ ምስኪን።"

ዞር ዞር ብዬ የሰዉን ፊት አየሁ። የሳቀ የለም። የደነገጠም የለም። ልጅቷ ራሷ እንኳ ምንም አልመሰላትም፤ ሲኒውን ሰብስባ ሄደች፣ የድራማውም መጨረሻ አመለጣት።

አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን ካላልኩ ግፍ ይሆንብኛል። ጎረቤት ሲታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። እንባዋም የአዞ እንባ አይደለም፣ የእውነት ነው። በ2012 ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች እህቶቻችንን ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ በስልክ አብረን ስናለቅስ ያመሸነው ከሷ ጋር ነው። "ማዳም" የሚባል ነገር ስትሰማ ደሟ ይፈላል። የገዛ ጓዳዋ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ኩባያዋ ለብቻ ነው። አረንጓዴ ፕላስቲክ፣ እጀታው የተሰበረ። ከሌላው ዕቃ ጋር አይደረደርም፤ ከማጠቢያው ሥር ነው ቦታው። ማን እንዲህ አድርጊ እንዳላት ብጠይቅ ማንም አላላትም። እንዲሁ ታውቀዋለች። ይሄ የኩባያ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ባለቤቷ ጋሼ ደግሞ የመጽሐፍ ሰው ናቸው። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው፣ ዛሬም ድምፁን እያስመሰሉ ይወጡታል። ጉዱ ካሳ ለሳቸው ነቢይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን "ያ በዘር ያበደ ሽማግሌ" ነው የሚሏቸው። ታዲያ ልጃቸው አንድ ባለ ባጃጅ እንደምትወድ የነገረቻቸው ቀን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "የማን ልጅ ነው?" ሁለተኛው፣ "አገሩስ ወዴት ነው?" ሦስተኛ አላስፈለገም። ልጁ በዛብህ መሆኑ ታወቀ፣ ነገሩ እዚያው ተቋጨ። ልጅቷ ደውላ ስታለቅስ የሰማኋት እኔ ነኝ። ከሁሉ የገረመኝ "አብደሻል እንዴ?" መባሏ ነው። ጉዱ ካሳም እኮ "ጉዱ" የተባለው ያገሩ ሰው እንደ እብድ ቆጥሮት ነው። ጋሼ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። በቃላቸው ነው የሚያውቁት!

ለምን እንዲህ እንደምንሆን ሳስበው ከዋጋው የመጣ ይመስለኛል። ለቱርኳ ፍትህ ቢወርድ ከአክስቴ ኪስ የሚወጣ ሳንቲም የለም። በዛብህ ሰብለን ቢያገባ ጋሼን እድርተኛው አያማቸውም። ደግሞ ድራማ ላይ ክፉው ገና ሲገባ በሙዚቃው ይታወቃል፤ የተበደለችው ስታለቅስም ካሜራው አብሯት ክፍሏ ይገባል። የአክስቴ ሠራተኛ የምትተኛበት ክፍል ማን ይገባል? አልቅሰን ስንነሳ ደግሞ የሚገባንን ያደረግን ይመስለናል። ቀለል ብሎን ነው እራት የምንበላው። እራቱን የምታቀርበው እሷ።

ቀስ ብዬ አንስቼው ነበር። "ልጅቷ የማታ ትምህርት ብትገባስ?"

"አይ ልጄ፣ አንተ የፈረንጅ አገሩን ነው የምታወራው። ትምህርት የጀመረች ሠራተኛ አትበረክትም።"

ሕጉም ከአክስቴ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የትርፍ ዓላማ የሌለውን የግል አገልግሎት ቅጥር አይመለከተኝም ይላል። የጓዳዋን ልጅ ማለት ነው። የእረፍት ቀኗን የሚወስነው የአክስቴ የዕለቱ ፊት ነው።

"የፈረንጅ አገሩ" ስትል ደግሞ ሆዴን ነካችው። ጀርመን እንደገባሁ የሠራሁት ቤት ማጽዳት ነው። አሠሪዬ ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች። ግድግዳዋ በሙሉ መጽሐፍ ነው፤ አቧራውን የማራግፈው እኔ ስለሆንኩ ርዕሶቹን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ስለ ባርነት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ጭቁን ሠራተኛ። አንዱን ልቦለድ አንስታ "ይሄን ሳነብ እንቅልፍ አጥቼ ነበር" ብላኛለች። ደመወዜን ግን በፖስታ ከጠረጴዛው ጥግ ነበር የምታስቀምጥልኝ። እዚያ አገር ዝቅተኛው ደመወዝ የቤት ሠራተኛንም ይጨምራል፤ በነሱ አቆጣጠር በ2015 ሲጀመር በሰዓት 8 ዩሮ ከ50 ነበር። የእኔ ፖስታ እዚያ አልደረሰም። "ሚኒጆብ"፣ ማለትም አነስተኛ ክፍያ ያለው ሥራ፣ ብሎ ማስመዝገብም አለ፣ ፎርም ሞልቶ መላክ ነው። ስጠይቃት "በኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል? ቤተሰብ ነን እኮ!" አለችኝ። አክስቴም ስለ ልጅቷ ስትጠየቅ "እንደ ልጄ ነው የማያት" ነው የምትለው። ብርድ መትቶኝ የተኛሁ ጊዜ ፖስታው ቀረ። አስመዝግባኝ ቢሆን ለታመምኩበትም ትከፍለኝ ነበር። ቤተሰብነታችን በዚያው አበቃ።

ልዩነት የለም አልልም። ሴትዮዋ አንድ ቀን ጮኻብኝ አታውቅም። ሲኒዋን ራሷ ታነሳለች፣ "እባክህ"፣ "አመሰግናለሁ" ከአፏ አይጠፋም። በአክብሮት ነው የተበደልኩት። ደግሞም ልክሰስ ብል የምሄድበት ቢሮ ነበረኝ። የአክስቴ ሠራተኛ ለማን ትክሰስ? ላመጣት ደላላ?

ይህን ታሪክ ለአክስቴ ነገርኳት። ቡና እየጠጣን ነበር። ፊቷ ሁሉ ተለዋወጠ።

"ያለ ውል? አንተን የመሰለ ልጅ ያለ ውል? ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ናት በማርያም!"

"አንቺስ ውል ተፈራርመሻል?" አልኳት።

"ከማን ጋር?" አለችኝ።