«ምን ሆንን?»

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ በግድግዳ ቀለም ውስጥ ስላለው እርሳስ ጥያቄ ተነሳ። ባለሙያው ፈገግ አሉ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ከደረጃው አያልፍም፣ ደግሞስ ሁላችንም በዚያ ቀለም በተቀባ ቤት አድገን ምን ሆንን አሉ። አወያዩ ሳቀ። የእኔ ሳቅ ግን አልመጣም።

(ማዕድኑን ማለቴ ነው። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ ግራፋይት ነው።)

ከ«ምን ሆንን» ልጀምር። በምን እናውቃለን? እርሳስ አእምሮን ነው የሚነካው። ከትኩረት ትንሽ፣ ከማስታወስ ትንሽ ይሸርፋል። ባይሸርፍብን ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር ማን ይንገረን? አሜሪካዊው ኬሚስት ቶማስ ሚጅሊም እ.ኤ.አ. በ1924 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጋዜጠኞች ሰብስቦ፣ ራሱ ቤንዚን ውስጥ ባስገባው የእርሳስ ውህድ እጁን ታጠበበት። አሸተተውም። ይኸው ምን ሆንኩ ማለቱ ነበር። ያን ሰሞን በዚሁ ውህድ ሠራተኞች ሞተው ነበር። እሱም ራሱ በ1923 በእርሳስ ተመርዞ ለማገገም እረፍት ወጥቶ ነበር። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ማደያዎች ጨርሶ የጠፋው ግን በ2021 ነው። ዓመቱን እናንተው ቁጠሩት።

«ትንሽ ነው» የሚለውስ? እሺ፣ ጨውም ሲበዛ ይገድላል። ግን የበላነው ጨው በሽንትና በላብ ይወጣል። እርሳስ አንዴ ከገባ ቤቱን የማይለቅ ተከራይ ነው። ሰውነት ካልሲየም መስሎት ተቀብሎ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። እዚያ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ሴቲቱ ስታረግዝ አጥንቷ ካልሲየም ይለቃል፣ እርሳሱም አብሮ ይወጣና ወደ ፅንሱ ይሻገራል። በልጅነቷ የላሰችው የመስኮት ቀለም ለልጇ ይተርፋል። ታዲያ ያ «ትንሽ» የቱን ቀን ተለክቶ ነው?

ለማንስ ነው ትንሽ? የሚድኽ ሕፃን አስቡ። መስኮቱ ሥር የተላጠ ቀለም ወድቋል። በጣቱ ይነካል፣ ጣቱን ይጠባል። ጣፈጥ ይለዋል። ደግሞ ይነካል። አዋቂና ሕፃን እኩል እርሳስ ቢውጡ፣ የሕፃኑ ሰውነት ከአዋቂው 4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ውስጥ ይመጥጣል።

«ከደረጃው አያልፍም» የሚለው ደግሞ ባሰ። የቱ ደረጃ? አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ፣ በአንድ ዴሲሊትር የሕፃን ደም ውስጥ 60 ማይክሮግራም እስኪገኝ የሚደነግጥ አልነበረም። በ1991 ቁጥሩ 10 ሆነ። በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ወደ 3.5 ወረደ። ሕፃኑ ያው ሕፃን ነው፤ ወረቀቱ ተቀየረ እንጂ። በ1990 «ምንም አልሆነም» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ዛሬ አርባ እየተጠጋ ነው። ይቅርታ የጠየቀው ሰው አለ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ጉዳት እንደማያደርስ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ባለሙያው ግን አለ ብለዋል። እንግዲያው ቁጥሩን ይጥሩልን፤ ነገ ተመልሶ የማይወርደውን።