ኪስ ከሥልጣን ሲወርድ

«ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም» የሚል ማስታወቂያ ካየሁ ወዲህ ደሜ እንደፈላ ነው። ምን ማለት ነው? የያዝኩት እኮ ገንዘብ ነው! ማዕከላዊ ባንክ ያተመው፣ ፊርማ ያረፈበት። መንግሥት ራሱ ባተመው ወረቀት ሲያፍር ምን ይባላል?

መቼም ምክንያት አያጡም። ግብር የሚሰውር ይጋለጣል፣ ሙስና ይቀንሳል ይሉናል። ይሁን። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ ብላ በአንድ ምሽት የ500 እና የ1000 ሩፒ ኖቶችን ሻረች። በዋጋ ሲታይ በሕዝቡ እጅ ከነበረው ጥሬ ገንዘብ 86 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ጥቁር ገንዘብ የደበቀ ሁሉ ወረቀቱን ታቅፎ ይቀራል ተባለ። በኋላ ሲቆጠር ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ባንክ ገብቷል። ሌባው ሾልኳል፤ ወረፋ ላይ ፀሐይ የመታው ምስኪኑ ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ድሮ ለሕልመኛ ነበር የሚተረተው። ዛሬ ለደመወዝተኛ ሁሉ ይሠራል። ላሟን ለማለብ ባትሪ፣ ኔትወርክና የሚስጥር ቁጥር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል ላይ መብራት ድርግም ሲል ካርድ ማንበቢያውም አብሮ ተኛ። ያን ቀን ጌታ የነበረው ኪሱ ውስጥ ሳንቲም የተገኘበት ሰው ነው። ከጥሬ ገንዘብ ለመገላገል ቀድማ የሮጠችው ስዊድን እንኳ አሁን ዜጎቿን «ለክፉ ቀን ጥሬ ገንዘብ ቤታችሁ ይኑር» እያለች ትመክራለች።

«ሲስተም የለም» ከሚሉ ሰዎች ጋርማ የቆየ ቂም አለኝ። ይህን ሲስተም የሚባል ጌታ በአካል አግኝቼው አላውቅም። እሱ ሲታመም እኛ እንጾማለን። ሲሻለው ይቅርታ የሚጠይቅ የለም።

ተበዳሪዎችስ? ድሮ «አልያዝኩም» ብሎ ኪስን ገልብጦ ማሳየት ይቻል ነበር። አሁን «በስልክ ላክልኝ» ይልሃል። ስልኩ ደግሞ እጅህ ላይ ነው! የመመለሻው ቀን ሲደርስ ታዲያ ኔትወርክ የሚጠፋው እሱ ጋ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ቢያንስ አፍ አልነበረውም። ለማን እንደሰጠሁ፣ ምን እንደገዛሁ አይናገርም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2022 በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ የኮቪድ ክትባት ግዴታን ተቃውመው ሰልፍ የወጡ ሰዎችን የባንክ አካውንት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አሳግዳለች። ተቃውሞውን ውደዱትም ጥሉትም፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ታይቷል።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ስልክ የሌለውን፣ ዓይኑ የደከመውን ሰው «ዘመናዊ ሁን» ብሎ መመለስ ነው። ሥልጣኔ ይሉታል። ንቀት ነው!

ማስታወቂያውን ረሳሁት መሰለኝ። ለማንኛውም ካርዱም ስልኩም ይኑር፤ ማን ጠላ? ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ የመክፈልን መብት በሕግ አጠናክራለች። ሌሎቹም ከእሷ ይቅዱ። እስኪቀዱ ድረስ ግን «ጥሬ ገንዘብ ይጥፋ» የሚል አዋጅ ለሚያረቁ ባለሥልጣናት አበላቸው ሲስተሙ በተኛበት ቀን ብቻ ይከፈላቸው።