ሮቶው ውስጥ የሚገባውስ?
የሮታሪ በጎ አድራጎት ክለብ በእራት ግብዣ ባሰባሰበው ገንዘብ ጎንደር ላለ ትምህርት ቤት ሮቶ ስለመስጠቱ በተጻፈው ውስጥ «ክለቡ ለትምህርት ቤቱ ሮቶ በመስጠቱ የውሃ ችግሩ ተፈታ» የሚለው ላይ አልስማማም። ጎንደር ውስጥ የጠፋው ሮቶ ሳይሆን ሮቶው ውስጥ የሚገባው ነው። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ደለል ገብቶበታል፣ ከተማዋ ሰፍታለች፣ ቧንቧው በፈረቃ ነው። አዘዞ የማስተምርበት ትምህርት ቤትም እንዲህ ያለ ስጦታ ደርሶት ነበር፤ ዛሬ ባዶውን ቆሟል፣ ልጆቹ ከቤታቸው በሃይላንድ ይዘው ነው የሚመጡት። ግብዣውን «የሀብታም እራት ነው» ያልከው አስተያየት ሰጪ ወንድሜ ግን አበዛኸው፤ ሮታሪ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለፖሊዮ ክትባት ያሰባሰበው ገንዘብ እንዲህ ካሉ እራቶችም ጭምር የመጣ ነው። እኔ የምለው፣ በሚቀጥለው ገቢ ማሰባሰቢያ የዝናቡን ውሃ ወደ ሮቶው የሚያወርድ አሸንዳ ለጣሪያው ይገዛ። የእኛ ክረምት እንኳን አንድ ሮቶ ሌላም ይሞላል። ሮቶውን የሚያጥበውን ሰው ደግሞ ወላጅ ኮሚቴው ከወዲሁ ይመድብ።